የቆጡ ዋጋ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለንደን ዳርቻ ላይ ቤቱን ለሚያሰፋ ሰው የተተረተ ይመስለኛል። ቆጡ የታወቀ ነው፤ በኮርኒሱና በጣሪያው ክዳን መካከል ያለው፣ አሮጌ ሻንጣና የገና ዛፍ የሚጣልበት ባዶ ቦታ ነው። ብብት ውስጥ ያለው ግን ምን እንደሆነ ዋጋ የሚተምነው ሰው አይነግርህም።

የእኛ ቤት እንግሊዞች ባንጋሎ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ፎቅ የሌለው፣ ክፍሉ ሁሉ በምድር የተዘረጋ፣ አዲስ አበባ ላይ ቪላ የምንለው። ቃሉን ያመጡት ከህንድ ነው፤ «የቤንጋል» እንደማለት ነው አሉ። በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ እኛም የገዛነው ደረጃ ስለሌለው ነበር። እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር ስትመጣ ጉልበቷ ከደረጃ ጋር እንደማይስማማ አስቀድማ አስታውቃ ነበርና። ከዚያ ልጆቹ አደጉ። አንድ ክፍል ለወንድና ለሴት ልጅ አልበቃ አለ። አገር ቤት ቢሆን ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ይቀጠላል። የእኛ ጓሮ ግን አንድ የልብስ ማስጫ ገመድና አንድ የፖም ዛፍ ከያዘ በኋላ ሞልቷል፤ የቀረው መንገድ ወደ ላይ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ጠላት ተዳፋቱ ነው። ጣሪያው 8 ሜትር ስፋት ይሸፍናል፤ ዘንበል ያለውም ወደ 40 ዲግሪ ነው። ከኮርኒሱ እስከ ጫፉ 3 ሜትር ከ35 ይሆናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን የነበረው እንጨት ኮርኒሱን እንዲይዝ እንጂ አልጋና ጎረምሳ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ አግዳሚ ብረት ተጥሎ አዲስ የወለል እንጨት ይደረደራል። ከላይ ደግሞ ብርድ የሚከላከለው ንጣፍና የውስጥ ልባሱ አለ። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ጫፉ ሥር 2 ሜትር ከ90 ያህል ይቀራል፤ ከዚያ ወደ ጎን አንድ ሜትር በሄዱ ቁጥር ቁመቱ 84 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ሌሊት ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ከ8 ሜትሩ ውስጥ ሰው ራሱን ሳይመታ የሚሄድበት ከ2 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሌላው ለሚንበረከክ ነው።

መድኃኒቱ ዶርመር ይባላል። ከተዳፋቱ ላይ ብቅ ብሎ የሚቆም፣ የራሱ ግድግዳ፣ የራሱ ክዳንና ቀጥ ያለ መስኮት ያለው ትንሽ ጎጆ ነው። ስሙ መተኛት ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ሰው መስኮት የገዛ ይመስለዋል፤ የሚገዛው ግን ቁመት ነው። ለብርሃንማ ቢሆን በተዳፋቱ ላይ ተጋድሞ የሚገጠም መስኮት አለ፤ አንድ ሁለት ወራጅ ተቆርጦለት ይገባል፤ ብዙም አያስቸግርም። ብርሃን ይሰጣል፤ ራስ ግን አያስቀናም።

ሦስት ተቋራጮች መጥተው ለኩ። የመካከለኛው ዋጋ እንዲህ ነበር፤ በተጋደሙት መስኮቶች ብቻ 46,000 ፓውንድ፤ በጓሮ በኩል አንድ ረጅም ዶርመር ሲጨመርበት 64,000፤ ባለቤቴ ከሰው ቤት አይታ የወደደቻቸው ሁለት ትንንሽ የፊት ለፊት ዶርመሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው 9,000። ከወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ይላል። ቫት እዚህ 20 በመቶ ነው። እንግዲህ የጓሮው ዶርመር ልዩነት 18,000 መሆኑ ቀርቶ 21,600 ሆነ ማለት ነው። ወንድሜ ይህን ከአዲስ አበባ በስልክ ሲሰማ በብር መታው መሰለኝ፤ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ።

ትንሿ ዶርመር ስለምን ይህን ያህል ታወጣለች ብዬ ጠየቅሁ። ተቋራጩ «የምትከፍለው ለማዕዘኑ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ወራጁ ይቆረጣል፤ ግራና ቀኙ በድርብ እንጨት ይጠነክራል፤ ሁለት ጎን ይቆማል፤ ክዳኑ ከአሮጌው ክዳን ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ውኃ እንዳይሰርግ እርሳስ ይነጠፋል፤ አሸንዳው፣ ልስኑ፣ ቀለሙ አለ። አንድ ሜትር ሆነች አራት ሜትር፣ ማዕዘኗ ያው ነው። ደግሞም ወደ መንገድ የሚያይ ዶርመር የአካባቢውን ምክር ቤት ፈቃድ ይፈልጋል፤ በጓሮ በኩል ግን ለብቻው የቆመ ቤት ጣሪያውን እስከ 50 ሜትር ኩብ ቢያሰፋ፣ ሌሎቹን ገደቦች ካከበረ፣ በአብዛኛው ፈቃድ ሳያመለክት ይሠራል። የግንባታ ደንቡ ግን ለማንም አይቀርም፤ የብረቱ ስሌት፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው፣ እሳት ቢነሣ ሰው የሚወጣበት መስኮት ስፋቱ ሳይቀር ይለካል።

አሁን ወደ ብብቱ ልምጣ። ቆጥ መኖሪያ ሲሆን ደረጃ ይፈልጋል፤ ደረጃው ደግሞ ከምድር ቤቱ ተቆርሶ ነው የሚሰጠው። ደረጃ የሚወጣ ሰው ከራሱ በላይ ሳይሆን ከእግሩ እስከ ጣሪያው 2 ሜትር ሊኖረው ይገባል፤ ለቆጥ ተብሎ ሲላላ መሐሉ ላይ 1 ሜትር ከ90 ይፈቀዳል። ዶርመር ከሌለ ይህ ቁመት የሚገኘው ከጣሪያው ጫፍ ሥር ብቻ ነው። በእኛ ቤት ከጣሪያው ጫፍ ሥር ያለው የእናቴ ክፍል ነው። ንድፍ አውጪው በእርሳስ ሁለት መስመር አሰመረ፤ አልጋዋ የተጠጋበትንና ሥዕለ ማርያም የተሰቀለችበትን የምሥራቁን ግድግዳ ይዞ 90 ሳንቲ ሜትር ሄደ። ረክሶ የታየን የ46,000 ፓውንዱ ቤት ይኸው ነው። የጓሮው ዶርመር ሲኖር ግን ደረጃው ከመግቢያው ኮሪደር ተነሥቶ ወደ ኋላ ይወጣል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ብቻ የነበረው መውጫ ሙሉ ሰው ያስቆማል፤ ክፍሏም አይነካም።

ይህ በየትኛውም የዋጋ ዝርዝር ላይ አልተጻፈም። ሁሉም የሚያወራው ስለ ላይኛው ቤት ነው፤ ስንት መኝታ ቤት እንደሚወጣው፣ ቤቱ ቢሸጥ ምን ያህል እንደሚጨምር። ስለ ታችኛው ቤት የጠየቀን የለም። እናቴ ወሬው ሲደርሳት «ለእኔ ብላችሁ እንዳታደርጉት፤ ለእኔ ጥግ ይበቃኛል» አለች። እንዲህ የምትል እናት ያለው ሰው ክርክሩ እዚያው ላይ እንደተዘጋ ያውቃል።

ባለቤቴ የፊት ለፊቶቹን ሁለቱን ራሷ ሰረዘቻቸው። ሊታደስ የታሰበው ወጥ ቤት ባለበት ይቆያል፤ በሩ የማይገጥመው ቁም ሣጥንም አብሮ ይቆያል። ሥራው በመጪው ሰኔ ይጀመራል። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ቤታችን ያው የድሮው ባንጋሎ ነው፤ ቫቱን ጨምረን የከፈልንበት ከጓሮ ካልሆነ አይታይም።