የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው

ቁራሌው ቡፌውን ዞሮ ዞሮ አየው፣ በጣቱ መታ መታ አደረገውና «አንድ ሺህ አምስት መቶ» አለ። እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ምንም ሳትል ወደ ላይ ወጣች። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ሁለት ሺህ ላርገው?» አለኝ። «ተወው ወንድሜ፣ አይሸጥም» አልኩት። ለምን እንደማይሸጥ ግን እኔም በደንብ አላውቅም ነበር።

ያኔ ቡፌው ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ስር፣ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ከቆመ ሰባት ወር ሆኖታል። ያደግኩበት የካዛንቺስ ቤት በ2017 ዓ.ም. ከሰፈሩ ጋር ሲነሳ እማዬ የደረሳት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አልጋው ወጣ፣ ፍሪጁ ወጣ፣ ምጣዱ ወጣ። ቡፌው የመጀመሪያው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። አራት ሰው ይዞት ቢያዘነብለው፣ ቢያቆመው፣ ቢገለብጠው እምቢ አለ። እኔ ስልኬን አውጥቼ የቡፌውን ቁመትና የደረጃውን ወርድ አስልቼ «አይገባም» አልኩ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ «እሱንማ እኛም አይተናል» አለኝ። የአምስት ዓመት የኢንጂነሪንግ ትምህርት አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ቡፌ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም፤ አብዛኞቻችሁ ቤት ነበረ። ላዩ ተንሸራታች መስታወት፣ ታቹ ባለ በር፣ መሃሉ የቴሌቪዥን ቦታ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል። ለእንግዳ ብቻ የሚወጣ ብርጭቆ፣ እንግዳ መጥቶም የማይወጣ ብርጭቆ። የእኛው የተሠራው እናትና አባቴ ሲጋቡ በ1984 ዓ.ም. ነው። አባዬ በሕይወት እያለ አንድ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ፊቱን በሙሉ ክሬም የዘይት ቀለም ቀባው፤ እማዬ ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም ይባላል። ቤታችን ውስጥ እንግዳ ሲኖር የምትወራ ቀልድ ነበረች። እኔ ሳውቀው ክሬም ስለሆነ እንጨቱ ምን እንደሆነ አስቤም አላውቅም።

ባለቤቴ አምስተኛ ወሯ ላይ ነበረች። ስልኳ ውስጥ «የልጅ ክፍል» የሚል ፎልደር አላት፤ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔ። ከሁሉም የወደደችው ዝቅ ያለ፣ ልጁ ራሱ እጁን ዘርግቶ መጽሐፍና መጫወቻ የሚያነሳበት፣ ጎኑ በእንስሳ ቅርጽ የተቆረጠ መደርደሪያ ነው። አንድ ሱቅ ሄደን ተመሳሳዩን ጠየቅን። ከቺፑድ የተሠራ፣ ጠርዙ ከወዲሁ የተላጠ፣ ዋጋው የወር ቤት ኪራያችንን የሚያህል። መንገድ ላይ እየተመለስን ቡፌው ትዝ አለኝ። በሥራዬ ሌላው የጻፈውን አሮጌ ኮድ ፈትቶ አዲስ ነገር መሥራት የለመድኩት ነው። እንጨት ምን ይከብዳል ብዬ።

በማግስቱ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡና እየቆላች ነበር።

«እማዬ፣ ቡፌውን ፈትቼ መደርደሪያ ልሥራበት?»

«ለማን?»

«ለልጁ።»

ምጣዱን መቁላቷን አላቆመችም። «ልጁ መጀመሪያ ይምጣ» አለች።

ይህን አባባል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሳይወለድ ልብስ አይገዛም፣ አልጋ አይዘረጋም፣ ስም አይወጣም። እኔ ደግሞ የምሠራው ሥራ ሁሉ «መጀመሪያ ይምጣ» የሚባል ነገር የማያውቅ ነው፤ ሲስተሙ ሰው ሳይገባበት በፊት ነው የሚዘጋጀው። ትንሽ ተከራከርኩ። ልጁ የሚመጣበት ቀን በግምትም ቢሆን እንደሚታወቅ፣ አልትራሳውንዱ ጥሩ እንደሆነ፣ ከወሊድ በኋላ መዶሻ የማነሳበት ጊዜ እንደማይኖረኝ ነገርኳት። «እሺ» አለች። የእማዬ «እሺ» እምቢ ማለት ነው። ተናድጄ ወጣሁ፤ መናደዴን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ ሸራውን አልፎ ገባና የቡፌው አንድ እግር አበጠ። አንድ እሁድ ደወለችልኝ። «ከሚበሰብስ ቁረጠው» አለች። «ግን የታችኛውን መሳቢያ መጀመሪያ እኔ ላውጣ።»

የታችኛው መሳቢያ ሁሌም ቁልፍ ነበር። ልጅ ሆኜ ስጠይቅ ቁልፉ ጠፍቷል ነበር መልሱ። ያን ቀን እማዬ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደችና ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ አወጣች። መሳቢያው በእርጥበት ስላበጠ እኔ ነኝ የጎተትኩላት። ውስጡ ጋዜጣ ተነጥፎበት ሁለት ትንንሽ ሹራብ፣ አንድ ኮፍያ፣ አንድ ያልተጨረሰ ካልሲ ከነክሩ። ነጭ የነበረ፣ አሁን የሻይ ቀለም የመሰለ።

«የእኔ ነው?» አልኩ።

«አይ። ካንተ በፊት አንድ ነበር። በ86። ሁሉን አዘጋጅቼ ነበር።»

ጋዜጣውን ከነልብሱ ጠቅልላ ነጠላዋ ስር ያዘች። ሁለት ደረጃ ከወጣች በኋላ ዞር ብላ፣ «አባትህ ቡፌውን የቀባው ያኔ ነው» አለችኝ። «ቤቱ ሌላ ይምሰል ብሎ።»

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ሸራው ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላስታውስም፤ ዘበኛው መጥቶ «ዛሬ ታነሱታላችሁ አይደል?» ሲለኝ ነው የተነሳሁት።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና መፍትሔውን ያመጣችው እሷ ነች፦ እስኪወለድ ድረስ ይህ ነገር የልጅ ዕቃ አይደለም፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። የተሠራው ለእኔ መጽሐፎች ነው። ለእማዬ በስልክ ስነግራት ትንሽ አሰበችና «መጽሐፍ ከሆነማ ምን ችግር አለው» አለች። መጽሐፍ እንደማላነብ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

መፍታቱ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። ካቻቢቴ ይዤ ሄጄ ቡፌው አንድም ብሎን እንደሌለው ያወቅኩት እዚያ ነው፤ ሁሉም በምላስና በጉድጓድ የተገጣጠመ፣ በኮላ የተያዘ። በጉጠትና በመዶሻ ትንሽ አበላሸሁና ታች ያለው እንጨት ቤት ሄድኩ። የእንጨት ቤቱ ባለቤት ሽበታም ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ኢንጂነር» ይሉኛል፣ በዚያ ድምፅ። መጥተው የአንዱን ጣውላ ያልተቀባ ጀርባ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት። ከግራጫው ስር ማር የመሰለ ቡናማ ወጣ። «ዋንዛ ነው» አሉ። «ይህን ዛሬ ከየት ታመጣዋለህ?» ልክ ናቸው። ዋንዛ ቀለል ያለ፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ከበሮ የሚጠረብበት እንጨት ነው፤ ግን ከኮሶ፣ ከጽድና ከዝግባ ጋር ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጥ በሕግ ከተከለከሉት አንዱ ነው። ቁራሌው በአንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ምን ሊወስድ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ከመሳቢያው ሐዲድ ጀርባ ሦስት ነገር አገኘሁ፦ የፀጉር መያዣ፣ የደረቀ ሎሚ፣ እና 10 ሳንቲም። አሮጌው 10 ሳንቲም፣ በግዕዝ ቁጥር 1969 የሚል። በአንድ በኩል አንበሳው፣ በሌላው በኩል ቀንዱ የተጠማዘዘ የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው። ስንት ዓመት በእጄ ይዤው ማስቲካ ገዝቼበታለሁ፣ አንድ ቀን እንስሳውን አይቼው አላውቅም። ሳንቲሙን ለባለቤቴ አሳየኋትና ዝሆንና ቀጭኔው እዚያው ቀሩ። ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ አጋዘን። አራቱም ከዚህ አገር ውጭ በዱር የሉም። ቀይ ቀበሮ ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ ነው የቀረው። አጋዘኑን ሳይንስ ስም ያወጣለት በ1910 እ.ኤ.አ. ነው ይላሉ፤ የባሌ እረኛ ከዚያ በፊት ምን ይለው እንደነበር የጠየቀ ያለ አይመስልም።

አሁን ስለ ቀለሙ። ይህን ክፍል ልጅ የምትጠብቁ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የመጀመሪያውን ክሬም በር ቤቴ በረንዳ ላይ አጋድሜ በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ መፈግፈግ ጀመርኩ። አቧራው ደስ ይላል፣ ሥራ የሠራችሁ ያስመስላል። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ሻይ አቀበለችኝ። ማታ እንዲሁ ስልኬን ሳገላብጥ ስለ አሮጌ የዘይት ቀለምና ስለ እርሳስ አነበብኩ። ማቅለሚያ እንዲሆን፣ ቶሎ እንዲደርቅ እየተባለ እርሳስ ይጨመርበት ነበር፤ እዚህ አገር መጠኑን በሚሊዮን 90 እጅ ላይ የገደበው ደንብ የወጣው ገና በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። አባዬ የቀባው ከዚያ ሃያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ። እርሳስ ከእናት ወደ ጽንስ ያልፋል። ለልጅ አእምሮ «ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል መጠን የለውም። ሌሊቱን ተነስቼ በረንዳውን በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ወለወልኩ፣ ጨርቁን በላስቲክ ጠቅልዬ ጣልኩ፣ የለበስኩትንም ጣልኩ። ባለቤቴ ተነስታ ስታየኝ ውሸት መፈለግ ጀመርኩ፤ ግን ነገርኳት። በማግስቱ ሐኪሟን ጠየቀች። የአንድ ቀን ነገር መሆኑን ሰምታ አረጋጋቻት፤ እኔን ግን ያረጋጋኝ የለም። ሁለት ሳምንት ዕቃውን አልነካሁትም።

ውሳኔው ቀላል ነበር፣ ትንሽ ቢያምም። ቀለም የነካው ጣውላ ሁሉ ይወጣል። አባዬ በእጁ የቀባው በሙሉ። የቀረኝ ውስጡ ነው፦ መደርደሪያዎቹ፣ መሳቢያዎቹ፣ የመሃል ግድግዳው። ለአንድ ዝቅተኛ መደርደሪያ በቂ ነው። ሁለቱ ክሬም በሮች አሁንም በላስቲክ ተጠቅልለው ደረጃው ስር አሉ። ምን እንደማደርጋቸው አልወሰንኩም።

የቀረውን የቆረጥኩት ጋሼ ቤት ነው። የዋልያው ቀንድ ሁለቴ ተሰበረብኝ። እንጨት ጅማት አለው፤ ቀጭን ነገር ጅማቱን አቋርጦ ከተቆረጠ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። ቀንዱ ደግሞ ክብ ነው፤ በየትኛውም በኩል ብታዞሩት አንድ ቦታ ጅማቱን ያቋርጣል። ጋሼ ሁለተኛው ሲሰበር ሳቁና ለቀንዱ ብቻ ኮምፔንሳቶ ሰጡኝ፦ ስስ ስስ ሽፋኖቹ ጅማታቸው እየተመሳቀለ ስለሚለጠፍ በየትኛውም አቅጣጫ ይችላል። ላዩን በቫርኒሽ ፈንታ የተልባ ዘይትና ሰም ቀባሁት፣ ልጅ መላሱ ስለማይቀር።

በስንት ትግል የተማርኩት ሌላው ነገር ግድግዳ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኢኬያ አሜሪካ ውስጥ 29 ሚሊዮን ያህል ቁም ሣጥን መልሷል፤ ግድግዳ ላይ ካልታሰሩ ልጅ ሲንጠለጠልባቸው እየወደቁ ስለገደሉ። ዝቅ ያለም ቢሆን ይታሰራል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን ውስጡ ባዶ ብሎኬት ነው። መጀመሪያ ያስገባሁት ፊሸር ብሎኑን ሳጠብቅ አብሮ ዞረ፣ ስስበው ከነልስኑ ወጣ። አሁን ጥግ ካለው የኮንክሪት ኮለን ጋር ነው የሚታሰረው። ቀዳዳዎቹ ተበስተዋል። መደርደሪያው ገና አልታሰረም፤ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሶ ቆሟል፣ ላዩ ላይ ሦስት የፕሮግራሚንግ መጽሐፍ አለበት። ቃል ቃል ነው።

ባለፈው ሳምንት እማዬ መጣች። ዘጠነኛው ወር ገብቷል፣ ማንም ስለ እሱ አያወራም፣ ሁሉም ስለ እሱ ብቻ ያስባል። ቡና ከተጠጣ በኋላ ጋቢውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገችና ጎኑን ተመለከተች። ጭላዳውን በእጇ ዳሰሰችው። ዋንዛውንም፣ ወዙን እየተከተለች።

«ጅብ የለበትም እንዴ?»

«ጅብ ለልጅ?» አለች ባለቤቴ።

«ለመጽሐፍ ነው አላላችሁኝም?» አለች እማዬ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከሕፃንነቱ ካየው አይፈራውም» አለች።

ትናንት ማታ ከተረፈው የመሳቢያ ፊት ጅብ ቆረጥኩ፤ የታችኛው መሳቢያ ነው፣ የቁልፉ ቀዳዳ ዓይኑ ላይ ዋለ። የኋላ እግሮቹን ስለካ ተሳስቼ አሳጠርኳቸው። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ በቴሌግራም ላክሁና «ተበላሸብኝ፣ ድጋሚ እቆርጠዋለሁ» አልኳት። የድምፅ መልእክት መለሰችልኝ።

«አትንካው። እሱ እንደዛው ነው።»