የቡሻ ድርቆሽ

ቺካጎ ገብቼ የተከራየሁባቸውን አሮጊት የልጅ ልጃቸው ሲጠራቸው የሰማሁ ዕለት ክው ብዬ ቀረሁ። ልጁ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ "ቡሻ! ቡሻ!" ይላል። ጆሮዬ ገና ከአገር ቤት አልወጣም ነበርና "ውሻ" ብሎ ተረጎመልኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ እንዲህ እየተሰደቡ ደግሞ ፈገግ ብለው ይወጣሉ! ቡሻ ማለት በእነሱ፣ በቺካጎ ፖላንዶች አፍ፣ አያት ማለት መሆኑን ኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። እኔም የእኛን ቃል ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔም ቡሻ ሆኑ።

ቃሉ በፖላንድ እምብዛም አይታወቅም። እዚያ አያት "ባብቻ" ናት። "ቡሻ" የሚሉት ቺካጎና ሚቺጋን የከረሙት የድሮዎቹ ናቸው፤ በቅርብ የመጡት ሲሰሙ ይስቁባቸዋል። የቡሻ መኪናም "ካራ" ነበር፣ ከእንግሊዝኛው የተቀዳ። ፎቅ ላይ የተከራየው ፖላንዳዊ አናጢ ይህን በሰማ ቁጥር ሆዱን ይይዛል፤ በደህናው ፖሊሽ "ካራ" ቅጣት ማለት ነውና። በእኛ ደግሞ ቢላ። እኔ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ የምሠራ ሰው ስለነበርኩ መኪና ቅጣት ነው መባሉ ብዙም አልገረመኝም።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1996 ነው፤ ከዚህ በኋላም ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ቤቱ ከሚልዋኪ ጎዳና ገባ ብሎ ያለ ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት፣ የእኔ ክፍል ደግሞ ከምድር ዝቅ ያለው ቤዝመንት። ሰፈሩን ፖላንዶቹ ያትስኮቮ ይሉታል፣ በቅዱስ ያትሴክ ቤተ ክርስቲያን ስም። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰፈሮቻቸውም አጠራራቸው እንዲሁ ነው፤ በቅዱስ ስታኒስዋቭ ስታኒስዋቮቮ፣ በሥላሴ ትሩይትሶቮ። ልደታ፣ ጊዮርጊስ፣ ዑራኤል እያለ ያደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ አይጠፋውም።

ቅዱስ ስታኒስዋቭ ኮስትካ በ1867 የተቋቋመ፣ በከተማው የመጀመሪያው የፖላንዶች ደብር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ 40,000 ያህል ምእመን ነበረው። ያኔ ፖላንድ የምትባል አገር ካርታ ላይ የለችም፤ ከ1795 ጀምሮ ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተቃርጠዋታል። ገበሬው የሌላ ንጉሥ ዜጋ ሆኖ መርከብ ይሳፈርና ቺካጎ ቄራው ወይም ብረት ማቅለጫው ውስጥ ገብቶ ነው ፖላንዳዊ የሚሆነው። ለምን ወጣችሁ ሲባሉ "ለዳቦ" ይላሉ። እንጀራ ፍለጋ መሆኑ ነው።

ትንሽ እንደ ቆዩም ተጣሉ። ከስታኒስዋቭ ደብር ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ አንደኛው ወገን ቄሶቹን፣ ሌላው "አገር ይቅደም" የሚለውን ማኅበር ይዞ ለሃያ ዓመት ያህል ተፋጠጡ፤ ነገሩ እስከ ሮም ደረሰ። የእኛን የውጭ አገር አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም። የኋላ ልጆቻቸው ግን ከአባቶቹ ሳይሻሉ አልቀሩም። በ1960 የተከፈተው የኬኔዲ አውራ ጎዳና መጀመሪያ ሲነደፍ የስታኒስዋቭን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ የሚያልፍ ነበር፤ ተሟግተው መንገዱን አጣመሙት። ዛሬም መኪናው እዚያ ሲደርስ ጠምዘዝ ይላል።

ቡሻ ግን ከነዚህኞቹ አልነበሩም። በ1942፣ በ18 ዓመታቸው፣ ጀርመኖች ወስደው እርሻ ላይ አሠሯቸው። "ፒ" የሚል ፊደል ደረታቸው ላይ ሰፍተው ነበር የሚውሉት። ጦርነቱ ሲያልቅ መንደራቸው በሶቪየት ድንበር ውስጥ ቀረ። አምስት ዓመት በመጠለያ ኖረው በ1950 ቺካጎ ገቡ። የቆዩት ፖላንዶች እነሱን "ዲፒ" ይሏቸው ነበር። ከቀዬው የተፈናቀለ ለማለት መንግሥት ያወጣው ስም ነው፤ በሰፈሩ አፍ ግን ስድብ ሆኗል። ይህን ሲያወሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ከጀርመኑ ገበሬ ይልቅ የጎረቤቶቻቸው ቂም ይበልጥ ነበር።

አንድ እሑድ የአሜሪካ የፖላንድ ሙዚየም ይዘውኝ ሄዱ። ሚልዋኪ ጎዳና ላይ ነው፣ በ1935 የተቋቋመ። ፓዴሬቭስኪ፣ ያ ፒያኖ ተጫዋች የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ሲሞት አብረውት የነበሩ ዕቃዎች አንድ ክፍል ሞልተው አሉ። ቡሻ እሱ ጋ ብዙም አልቆዩም። የቆሙት ከ1939ኙ የኒውዮርክ የዓለም ኤክስፖ በተረፉት ዕቃዎች ፊት ነው። ኤክስፖው ሲከፈት ፖላንድ ድንኳኗን ዘርግታ የነበረች አገር ናት፤ በሴፕቴምበር ተወረረች። ዕቃው ወዴት ይመለስ? ብዙው ተገዝቶ እዚህ ቀረ። ቡሻ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አዩትና፣ "እነዚህም ዲፒ ናቸው" አሉኝ።

ቪጊሊያ የሚሉት የገና ዋዜማ ዲሴምበር 24 ማታ ነው። ሥጋ አይቀርብም፤ ምግቡ በልማድ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ሳትታይ ማንም ማንኪያ አያነሣም። የቺካጎ የዲሴምበር ሰማይ ኮከብ የሚያሳይ ዓይነት ስላልሆነ፣ መስኮት ላይ የተሾመው የልጅ ልጅ የመንገዱ መብራት ሲበራ "ወጣች!" ይላል፤ ቡሻም ሰምተው ዝም። ጠረጴዛው ላይ ከሰዉ ቁጥር አንድ ሳህን ይተርፋል። ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ማሞቂያው ጠፍቶብኝ ልነግራቸው ወጥቼ አንኳኳሁ። አናጢው ከፈተልኝ። የተቀመጡት ሁሉ እኔን አዩ፤ ቀጥለው ሳህኑን አዩ። ለካ ሳህኑ እዚያ ቤት ስንት ዓመት ሲቀመጥ አንድም ሰው መጥቶበት አያውቅም! የማሞቂያውን ነገር የሚሰማኝ አጥቼ ተቀመጥኩ።

ቡሻ ኮራ ብለው "ሥጋ የለበትም፣ ብላ ልጄ" አሉ። ፒየሮጊው፣ በጥቅል ጎመንና በእንጉዳይ ተሞልቶ እንደ ሳምቡሳ የታጠፈው ቅቅል፣ በቅቤ ይዋኛል። እኔ ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ።

"ቅቤ አልበላም፤ ጾም ነው።"

"ቅቤም?"

"ወተትም፣ እንቁላልም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ጃንዋሪ 6።"

ማንኪያቸውን አስቀመጡና ለአናጢው በፖሊሽ አንድ ነገር አሉት። "አንድ ቀን ሥጋ ትቼ ስኩራራ ይኼ ልጅ አሳፈረኝ እያሉ ነው" ብሎ ተረጎመልኝ። ያን ማታ የቀይ ሥር ሾርባና ዳቦ በላሁ። በዓመቱ ግን የእኔ ፒየሮጊ ለብቻው፣ በዘይትና በሽንኩርት፣ በትንሽ ድስት መጣ። የቅቤ ማንኪያ እንዳይገባበት ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

ከምግቡ በፊት ኦፕዋቴክ የሚሉትን ይቆርሳሉ። እንደ ወረቀት የሳሳ ነጭ ቂጣ ነው፣ የልደቱ ሥዕል ታትሞበት። የቡሻ እኅት ከፖላንድ በፖስታ ውስጥ ነበር የሚልኩት፤ ሁልጊዜ አንድ ጥጉ ተሰብሮ ይደርሳል። አንተ ከሳቸው ትቆርሳለህ፣ እሳቸው ካንተ፤ እየቆረሳችሁ ትመራረቃላችሁ። "እናትህን በዓይንህ ያሳይህ" አሉኝ። ሮዝ የሆነውም አለ፤ እሱ የከብቶቹ ድርሻ ነው፤ በዚያች ሌሊት እንስሳት አፍ ያወጣሉ ይባላል። ቺካጎ ከብት የለምና ድመቷ ተሰጣት። አሽትታ ትታው ሄደች።

ድርቆሹ ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ጌታ የተወለደበትን በረት ለማሰብ ነጩ የጠረጴዛ ልብስ ስር ይነጠፋል። እጄን ሳሳርፍ ከጨርቁ ስር ኮሽ አለ፤ ሽታው ወጣ። ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤታችን ድቅን አለብኝና ሾርባዬ ላይ አቀረቀርኩ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ድርቆሹን የማመጣው እኔ ሆንኩ። የሚሸጠው ሚልዋኪ ጎዳና ላይ፣ የቤት እንስሳት መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በላስቲክ የታሸገ፣ ላዩ ላይ የጥንቸል ፎቶ ያለበት። ቡሻ ቀደው ያሸቱታል። "የዘንድሮው ደህና ነው" ወይም "ይኼ ወረቀት ነው!" ይላሉ። ወረቀት ካሉት መልሼ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ። ሻጩ ስንት ጥንቸል እንዳለኝ ጠይቆኝ ያውቃል።

ያን ጊዜ በ56 ቁጥር አውቶቡስ ጠዋት የሚሳፈሩት ሴቶች ሁሉ ፖሊሽ ነበር የሚያወሩት፤ የሀብታም ቤት ሊያጸዱ ነው የሚሄዱት፤ የሥራ ጫማቸው በፌስታል። ቋሊማ ቤቱ ደጃፍ ላይ የጭሱ ሽታ ከመንገድ ማዶ ይቀበልሃል። ቺካጎ ከዋርሶ ቀጥላ ብዙ ፖላንዳዊ ያለባት ከተማ ናት ይሉ ነበር። እኛም ስለ ዋሽንግተን የምንለውን ስለማውቅ ቁጥሩን አልመረምርም።

አናጢው ለሦስት ወር የጉብኝት ቪዛ መጥቶ የቀረ ነው። "አንተ በሎተሪ፣ እኔ በዕረፍት" ይለኝ ነበር። በ2004 ፖላንድ የአውሮፓ ኅብረት ስትገባ፣ ታናሽ ወንድሙ ሎንዶን ሄዶ በወረቀት መሥራት ጀመረ። አናጢው ይህን ሲሰማ ሳምንት ሙሉ አላወራም። በዓመቱ፣ አሥር ዓመት እንደሚታገድ እያወቀ፣ ጠቅልሎ ገባ። መዶሻውን ለእኔ ትቶልኝ ነው የሄደው። እንደሱ ያሉት ሲመለሱ፣ ወደ ቺካጎ የሚመጣ ወጣት ሲጠፋ፣ የልጅ ልጆቹ ግቢ ያለው ቤት ፍለጋ ከከተማ ሲወጡ፣ ጎዳናው ቀስ በቀስ ሳሳ። የቡሻ ልጅም ሄደ። ይሂድ እንጂ፤ ለዚያ አይደል ያስተማሩት!

ቡሻ በ2007 አረፉ። በመሳቢያቸው የእርዳታ ማኅበራቸው ደብተር ተገኘ፤ ከሃምሳዎቹ ጀምሮ መዋጮ ያላቋረጡበት። ማኅበሩ የቀብሩን ወጪ ከፈለ። ለልጃቸው "እኛም እድር የሚባል አለን" ልለው ፈልጌ፣ ጊዜው አልመሰለኝም። ቤቱ ተሸጠ፤ እኔም ለቀቅኩ። ቋሊማ ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ ቡና ይሸጣል፤ የይርጋጨፌ ነው የሚል ከረጢት መስኮቱ ላይ አይቻለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ዲሴምበር ውስጥ፣ የማላውቀው ስልክ ደወለ። ያ "ቡሻ!" እያለ ይጮህ የነበረው ልጅ ነው። አሁን የራሱ ልጆች አሉት። ደህንነት ተጠያየቅን። ከዚያ ፖሊሽ እንደማይችል፣ አባቱም እንደማያስታውስ ነገረኝና፣

"ቡሻ ያንን ድርቆሽ ከየት ነበር የሚያመጡት?" አለኝ።

ነገርኩት። ጥንቸል ያለበትን ላስቲክ። ሳይገዛ በፊት እንዲያሸተውም።