የሞላ ነገር

የቴአትር ጸሐፊ ስለ ሞተር ሞላ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ አንባቢ «ይህ ሰው መንገድ ሳተ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን እኔም እንዲሁ እጠይቅ ነበር። ነገር ግን በሐዋሳ ባህል አዳራሽ አንድ ተውኔት በማዘጋጅባቸው ወራት የደረሰብኝ ጉዳይ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ልክ ከመጻሕፍት ያላገኘሁትን ትምህርት ስለ ሰጠኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልተርከው ወደድሁ።

የተውኔቱ ዋና ሰው መካኒክ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ቱታው በዘይት የራሰ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ተመልካችን የሚያስቅ ሰው አድርጌ ሥዬው ነበር። ሙያው በልብሱ ላይ እንጂ በእጁ ላይ አይታይም። የእኅቴ ልጅ እዚያው ከተማ ውስጥ በጋራዥ የሚሠራ ወጣት ነው። አንድ ምሽት ልምምዱን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ከተመለከተ በኋላ ወደ እኔ ቀረበና፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ሰውዬው የያዘውን ዕቃ አያውቀውም» አለኝ። እኔ ግን ሣቅሁ።

በአገራችን የእጅ ሥራን መናቅ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት በሽታው ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። እኔም ስድቡን ጥዬ ሣቁን ይዤ መቅረቴን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአባቴ የወረስናትን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ለማደስ ተነሣን። ሞተርዋ 4ኬ የሚባለው፣ 1,290 ሲሲ የሆነው ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከኃይሉ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ልጁ ቫልቮቹን ከፍ አድርጎ ለረዘመ ጊዜ የሚከፍት፣ ለእሽቅድምድም የተቀረጸ ካምሻፍት እንግጠም አለ። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካምሻፍቱን ላከልን። ቀሪው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ የቫልቩ ሞላ የትኛው ይሁን?

ሞላ የሚለውን ቃል ጋራዦቻችን የተቀበሉት ከጣልያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ብሎንና ዳዶም ዘራቸው ከዚያው ነው። ጠላት ሲወጣ ቃሉ ከመፍቻው ጋር ቀረ። የእኛው ቋንቋ ደግሞ «ሞላ» የሚል የራሱ ግስ ስላለው፣ ቅኔ ለለመደ ጆሮ ቃሉ ሰምና ወርቅ ይሆናል። ሞላ የሚሞላም የሚጎድልም ነገር ነውና።

ሥራውን ልጁ ያስረዳኝ በወረቀት ላይ እየሣለ ነው። ካሙ ቫልቩን ገፍቶ ይከፍታል፤ የሚዘጋው ግን ካሙ ሳይሆን ሞላው ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር፣ እያንዳንዱ ቫልቭ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፣ 50 ጊዜም ይዘጋል። ቫልቩን በካሙ ቅርጽ ላይ ለማቆየት የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሞላው ከደከመ ቫልቩ ካሙን መከተል ያቅተውና ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ኃይል ይጠፋል፤ ሲብስም ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።

ይህን ስሰማ መደምደሚያው በአእምሮዬ ወዲያው ተጻፈ። «እንግዲያውስ ከሁሉ የጠነከረውን ግዛ!» አልሁት።

ልጁ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ሞላ በካሙ ልክ ነው የሚመረጠው፤ ሳንለካ አንግዛ» አለ። ከካምሻፍቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት አሳየኝ። እንግሊዝኛውን ያነበብሁለት እኔ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሮቹን በሚገባ ተረጐምሁ፣ ቁጥሮቹን ግን እንደ ግርጌ ማስታወሻ አለፍኋቸው። ለሥራ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ በእጄ ጨምቄ ፈጽሞ አልጨመቅ ያሉኝን፣ ከሌላ ዓይነት ሞተር የወጡ ስምንት ድርብ ሞላዎች ይዤ ተመለስሁ። ሻጩ ለየትኛው ሞተር እንደ ሆነ ጠይቆኝ ነበር፤ መልሴ «ጠንካራውን ስጠኝ» የሚል ብቻ ነበር።

ሞላዎቹ ተገጠሙ። ልጁ እንደ ሙያው ደንብ ሞተሩን እንዳስነሣ 20 ደቂቃ ያህል በ2,000 ዙር አቆየው፤ አዲስ ካምና ታፔት ፊታቸው የሚላመደው በዚያ ጊዜ ነውና። ለጥቂት ሳምንታት ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ በኩራት ተመላለስንበት። ከዚያ በኋላ ከሞተሩ ቴክ ቴክ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ኃይሏም ቀን በቀን ጎደለ። ክዳኑን ከፍተን ሞተሩን በእጅ ስናዞር፣ ከስምንቱ ቫልቮች አንዱ ከቦታው እምብዛም አይነሣም። ዘይቱን ስናወርድ በመብራት የሚያብለጨልጭ የብረት ዱቄት ተንጣለለ። ሞላው ታፔቱን በካሙ ላይ ከልክ በላይ ስለ ተጫነው፣ የካሙ ጉብታ ተፍቆ አልቆ ነበር።

እንግዲህ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ከድካም ስሸሽ የደረስሁበት ጥፋት ከድካም የሚመጣውን ያህል የከፋ ነበር። የላላ ሞላ ቫልቩን ይለቀዋል፤ የበዛ ጫና ደግሞ የሚጫንበትን ይበላዋል፤ የሚበላውም በዝምታ፣ ከውስጥ፣ በዘይት ተሸፍኖ ነው። ከላይ ላለው ሰው ሁሉም ነገር በሥርዓት የሚዞር ይመስለዋል።

ልጁን «ለምን ዝም አልህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ያን ዕለት የሰጠኝን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። «ዝም አላልሁም ጋሼ፤ ተናግሬ ነበር። ትልቅ ሰው ግን ሁለት ጊዜ አይነገረውም» አለኝ።

ሁለተኛው ካምሻፍት ከተውኔቱ በተከፈለኝ ገንዘብ፣ ከአዳዲስ ታፔቶች ጋር ተገዛ። የሞተሩም የዘይት መተላለፊያ ሁሉ ታጠበ። በዚህ ጊዜ እኔ ጻፍሁ፣ ልጁ ለካ። በትራፓኖው ማቆሚያ ሥር የሰው ክብደት መመዘኛ ሚዛን አኖረና እያንዳንዱን ሞላ በላዩ ላይ ጨመቀ፤ ቁመቱን በካሊፐር፣ ጉልበቱን በሚዛኑ አነበበ። ስሌቱ የሚከብድ አይደለም። ለምሳሌ ቫልቩ ዝግ ሲሆን ሞላው 38 ሚሊ ሜትር ቁመትና 30 ኪሎ ግራም ጉልበት ቢኖረው፣ በየሚሊ ሜትሩም 3 ኪሎ ግራም ቢጨምር፣ ካሙ 10 ሚሊ ሜትር ሲከፍተው ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። የሞላው ጥምጥሞች እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ድፍን የሚሆኑበት ቁመት ደግሞ ከዚያ በ1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ማነስ አለበት፤ ካልሆነ ገፊው ዘንግ ይጣመማል ወይም ካሙ ይጎዳል። ጉልበታቸው ከሌሎቹ ጥቂት ያነሰው ሁለት ሞላዎች ከሥራቸው ስስ የብረት ቀለበት ተደረገላቸው። በመጨረሻ የተመረጠው ሞላ በሶማሌ ተራ በእጄ ይዤ የናቅሁት ዓይነት ነበር። በወረቀቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን እሱ ነው።

በዓለም ያሉ መሐንዲሶችም ከሞላ ጋር ብዙ ታግለዋል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሰለፈው የእሽቅድምድም መኪና ላይ ሞላውን አስወግዶ ቫልቩን በካም ይከፍትና በካም ይዘጋ ነበር፤ ዱካቲም ይህንኑ ዘዴ በሞተር ብስክሌቶቹ አስመሰከረ። ሬኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 በፎርሙላ 1 የብረቱን ሞላ በታመቀ ጋዝ ተካው። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ የተከፈተው በጊዜው እንዲዘጋ፣ የሚዘጋውም ሌላውን ሳይጎዳ እንዲዘጋ እንዴት ይደረግ?

መኪናዋ ዛሬ ትሄዳለች። ተውኔቱን ግን እንደ ገና ጻፍሁት። መካኒኩ አሁን አያስቅም ማለት አይደለም፤ ያስቃል፤ ዳሩ ግን የያዘውን ዕቃ ያውቀዋል። በሁለተኛው ገቢር አንድ ሞላ በሚዛን ላይ አኑሮ ይጨምቃል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል በመድረኩ ላይ ቃል አይነገርም። ይህን ትዕይንት ተዋናዩን ያስተማረው የእኅቴ ልጅ ነው። እሱ ሲያስተምር እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ተመለከትሁ።

በመጨረሻው ገቢር ጌታው መካኒክ ይሳሳታል፤ ረዳቱም ይነግረዋል። ጌታው አይሰማም። በቀድሞው ረቂቅ ረዳቱ እዚህ ላይ አንገቱን ደፍቶ ይወጣ ነበር። አሁን ግን ከበሩ ይመለስና ያንኑ ነገር በተመሳሳይ ድምፅ ሁለተኛ ጊዜ ይናገራል። የተበላው ካምሻፍት በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጉብታው የጠፋበትን ቦታ በጣቴ እየዳሰስሁ፣ ያን ሁለተኛ ንግግር የጻፍሁት እኔ ብሆንም ቀድሞ ሊሰማው ይገባ የነበረውም እኔው እንደ ነበርሁ አስባለሁ።