ጎማው ሲመሰክር

«ስለ ጎማ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ጓደኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔ ግን ለሥልጠና ከመግባቴ በፊት ሁለት ክረምት ጎሚስታ ቤት ሠርቻለሁ። ካላማዳሪያ ለጥፌአለሁ፤ ኮፐርቶኒ ከቸርኬ አውልቄአለሁ። በዚያ ጊዜ የገባኝ ነገር ለመምህርም ለተሳፋሪም ይበጃል ብዬ ስላመንኩ ለጋዜጣችን አቀረብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያለቀ ጎማ የሚጣል ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ምስክር ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አንድ ጊዜ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በውስጥ ጠርዛቸው በኩል ተላጭተው ሽቦ አወጡ። ጋራዥ ሲወስዳቸው «ጎማው የማይረባ ነው፣ ቀይር» አሉት። ቀየረ። ሦስት ወር ሳይሞላ አዲሶቹም በዚያው በኩል ተላጩ። አሁንም «ቀይር» አሉት! የቤተሰቡ ቀለብ ጎማ ላይ አለቀ ማለት ነው። ገንዘቡስ ይሁን፤ የከፋው ሌላ ነው። ከደብረ ታቦር ወረታ ድረስ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሚሆነው መንገድ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። በዚያ ጠመዝማዛ፣ ያውም በክረምት ዝናብ፣ የፊት ጎማ ቢፈነዳ የሚጠፋው የሰው ነፍስ ነው።

በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጎማውን በእጁ ዳብሶ ብቻ ነገሩን አወቀው። ጎማው አልበደለም፤ አቋቋሙ ነው የተበላሸው። የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች ላልተው ሁለቱ ጎማዎች ከፊት በኩል ተራርቀዋል። አላይመንት የሚባለው ይህንን ማስተካከል ነው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። አንድ ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ 1 ዲግሪ ብቻ ተጣሞ ቢንከባለል፣ የ1 ዲግሪ ሳይን 0.0175 ያህል ስለሆነ፣ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ 17 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን እንደመጎተት ይሆንበታል። ወረታ እስኪደርስ 700 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ላጲስን 700 ሜትር አስፋልት ላይ ብንጎትተው ምን ይተርፈዋል?

ይህ ጉዳይ በውድድር መኪናዎች ዘንድ ትልቅ ሙያ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ጎማው በውጭ ጠርዙ ብቻ ይቆምና ያ ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ መካኒኮቹ አስቀድመው የጎማውን ራስ 2 ወይም 3 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል፤ በመታጠፊያው ላይ ጎማው ሙሉ ደረቱን መሬት ያስነካል። መኪናው ዞሮ ሲመለስ የጎማውን ሙቀት በውስጥ፣ በመካከልና በውጭ፣ በሦስት ቦታ ይለካሉ። አንዱ ወገን እጅግ ከጋለ ሸክሙ እዚያ በዝቷል ማለት ነው። ነገር ግን ያንኑ መኪና ቀጥ ባለ አገር መንገድ ብዙ ቢነዱት የውስጥ ጠርዙ ቶሎ ያልቃል። እንግዲህ ትክክለኛ አቋቋም የሚባለው እንደ ሥራው ነው።

እኛ ለመለኪያው መሣሪያ ባይኖረንም ዓይንና መዳፍ አለን። መካከሉ ብቻ ያለቀ ጎማ ነፋስ በዝቶበታል። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ነፋስ አንሶታል። አንድ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አቋቋሙ ይመርመር። መዳፋችንን በጥርሱ ላይ ወዲያና ወዲህ ስናሳልፍ በአንድ በኩል ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ፣ ጎማው ወደ ጎን እየተጎተተ ነው።

በአገራችን ስለ መንኮራኩር ሲነሣ ጋፋት አይታለፍም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. በሠረገላ ተጭኖ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጎተተው፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ተሻግሮ መቅደላ የገባው ወራት ፈጅቶ ነው። ያኔ ለመንኮራኩሩ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተጠረገ ነበር። ዛሬ አስፋልቱ ተዘርግቶልናል፤ የቀረን መንኮራኩሩን ለመንገዱ ማሰናዳት ነው።

ይህ ደግሞ ለክፍላችን ጥሩ ትምህርት ይሆናል። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ መሪው ቀጥ ይበል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊት በኩል፣ በመካከላቸው ከፍታ ልክ፣ በጠመኔ ምልክት አድርገን በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር እንለካ። ከዚያ መኪናውን ገፍተን ምልክቶቹ በኋላ በኩል በዚያው ከፍታ ሲደርሱ ደግመን እንለካ። ልዩነቱ ፋብሪካው ካዘዘው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከበለጠ መኪናው ጎማውን እየበላ ነው። አንድ ጠመኔና አንድ ሜትር ይበቃሉ። ተማሪው መለካትን ይማራል፤ አባቱ ሹፌር የሆነ ልጅ ደግሞ ማታ ቤቱ ሄዶ ይነግራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።

ወንድሜ መጋጠሚያዎቹን አስቀይሮ፣ አላይመንቱን አስተካክሎ፣ እነሆ ዓመት አልፎታል። ጎማዎቹ ከዳር እስከ ዳር እኩል እያለቁ ነው። ማለቁ አይቀርም፤ እኩል ይለቅ እንጂ።