«ቀላል ነው» አልኩት

ልጄ የሚኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ከተማ ነው። ዓምና ልጠይቃቸው ሄጄ ሦስት ወር ስቆይ የ11 ዓመቱ የልጅ ልጄ «ፍላይ ፊሺንግ» የሚሉትን የዓሣ ማጥመድ ዘዴ መማር ጀመረ። እኔ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሮሶ ስይዝ ያደግኩ ሰው ነኝና ደስታዬን አልቻልኩትም። ቅዳሜ ጠዋት ስንወጣ ምራቴን «መጥበሻውን አዘጋጂ፣ ማታ ዓሣ ነው የምንበላው» አልኳት። ልጁ ሰማ። መንገዱን ሁሉ ለማን ስንት ዓሣ እንደሚደርሰው ሲያከፋፍል ደረስን።

የሄድነው ጎልደን የምትባለውን ትንሽ ከተማ አቋርጦ ወደሚያልፈው ክሊር ክሪክ ወንዝ ነበር። እኛ ዝዋይ ትል መንጠቆ ላይ ሰክተን ውኃ ውስጥ እንጥላለን፣ እንጠብቃለን። ይሄኛው ሌላ ነው። መንጠቆው በላባና በክር ተጠቅልሎ ዝንብ እንዲመስል የተሠራ ስለሆነ ክብደት የለውም። የሚወረወረው ወፍራሙ የማጥመጃ ክር ነው። ክሩ ወደ ኋላ ሄዶ እስኪዘረጋ ካልጠበቁት ተጥመልምሎ እግር ሥር ይወድቃል። አስተማሪው ዘንጉን «ከ10 እስከ 2» ብቻ አወዛውዝ ሲለው እኔ ዓሣ የሚያዝበትን ሰዓት የነገረው መስሎኝ ነበር። ለካ የግድግዳ ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ ያሉበትን አቅጣጫ ማለቱ ኖሯል!

አንዱ መንጠቆ ዛፍ ላይ ቀረ። ሌላው ድንጋይ ሥር ገብቶ ተበጠሰ። አጠገባችን የነበሩ ሴትዮ ትራውት ያዙና ወዲያው መልሰው ለቀቁት። (ትራውት በእኛም አገር፣ በባሌ ዌብና ዳንካ ወንዞች አለ፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው።) ከሦስት ሰዓት በኋላ ልጁ ዘንጉን መሬት ላይ ወርውሮ ማልቀስ ጀመረ።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ ቀላል ነው» አልኩት።

«ቀላል ከሆነ እኔን ለምን አቃተኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ቤት ስንገባ መጥበሻው ምድጃው ላይ ተጥዶ ነበር። አየውና እራት ሳይበላ ተኛ።

ያን ሌሊት እናቴ ትዝ አለችኝ። ባዶ እጄን ስመለስ «ስንት ያዝክ?» ብላኝ አታውቅም። «እግርህን ታጠብና ና ብላ» ነበር የምትለኝ። መጥበሻውን ያስጣድኩት እኔው ነኝ። ልጅ ሲማር ማየት ሳይሆን ለጓደኞቼ የማሳየው ፎቶ ነበር ያማረኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንዝ አልሄድንም። ሰፈሩ ያለው መናፈሻ ሣር ላይ ወጥተን በመንጠቆው ፋንታ ቁራጭ ክር አሰርንና «በል አሁን እኔን አስተምረኝ» አልኩት። በመጀመሪያው ውርወራ ክሩ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። በሁለተኛው ባርኔጣዬን ይዞት ሄደ። ልጁ ሣሩ ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ከዚያ ኮስተር ብሎ «አባባ፣ ቸኮልክ። ክሩ ከኋላህ እስኪዘረጋ ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅኩ። እሱም አብሮኝ ጠበቀ።

ወደ አገሬ እስክመለስ ድረስ አንድም ዓሣ አልያዘም። ባለፈው እሑድ ደወለልኝ። ትራውት ነክሶለት አምልጦታል። «አይዞህ፣ በሚቀጥለው ትይዘዋለህ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ምን ይመስል ነበር?» አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራልኝ።