በባዕድ አገር ማዕድ ላይ የሚጨመር ሒሳብ

በአገራችን ልማድ እንግዳ ከቤት ሲገባ አስቀድሞ ለእጁ ውሃ ይቀርብለታል፤ ቀጥሎም እንጀራው ይዘረጋለታል። የበላውን ቈጥሮ፣ የጠጣውን ሰፍሮ ዋጋውን የሚጠይቀው የለም። ከዚህም የተነሣ በማዕድ ላይ ስለ ገንዘብ መናገር እንደ ነውር ይቈጠራል። ልማዱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መንገደኛው ባሕር ተሻግሮ በባዕድ አገር ምግብ ቤት በተቀመጠ ጊዜ፣ በቤቱ የለመደው ያ ዝምታ ኪሱን ያራቍተዋል። በምግቡ ዝርዝር ላይ ያነበበው ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በመጨረሻ የሚቀርብለት ሒሳብ ሌላ ይሆንበታል።

ዛሬ በውጭ አገር ልጅ ወይም እኅት፣ ወንድም ወይም የክርስትና ልጅ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እናቶችና አባቶችም ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በስተርጅና አውሮፕላን ይሳፈራሉ። ስለዚህ በየከተማው ተዘዋውረን ስንመገብ ያየነውን፣ ከሮማ ጀምረን በሊዝበንና በሎንዶን በኩል እስከ ዋሽንግተን ድረስ ለአንባቢዎቻችን መተረክን መረጥን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸው ይታወቅልን።

ሮማ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከአገራችን የሄዱ መነኰሳትና ተሳላሚዎች ያርፉበት ነበር። በ1548ና በ1549 በግዕዝ የታተመውን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም የተቀመጡት በዚያ ነው። እነዚያ አባቶች ማረፊያ ነበራቸው፤ የዛሬው መንገደኛ ግን ሲርበው የሚገባው ወደ ምግብ ቤት ነው።

እኛም አራት ሆነን ከአንዱ ገባን። ገና ምን እንደምንበላ ሳንናገር በቅርጫት የተሞላ ዳቦ መጣልን። ዳቦውን ባርከን ቈረስን፤ ደስም አለን። ምግቡን ጨርሰን ሒሳቡ በቀረበ ጊዜ ግን በሰው 2 ዩሮ፣ በአራታችን 8 ዩሮ የዳቦ ዋጋ ተጽፎ አገኘን። የወሰድነውም ውሃ በጠርሙስ ስለ ነበረ ለብቻው ተቈጥሯል።

በኢጣልያ ይህ ነገር «ኮፔርቶ» ይባላል። ትርጓሜው የማዕድ ልብስ እንደ ማለት ነው፤ ለጠረጴዛው ጨርቅ፣ ለሳሕኑ፣ ለሹካውና ለማንካው፣ ለዳቦውም ጭምር ከእያንዳንዱ ተመጋቢ የሚከፈል ነው። በብዙ ቦታ ከ1 እስከ 3 ዩሮ ይደርሳል። ሮማ የምትገኝበት የላትሲዮ ክፍለ ሀገር በ2006 ባወጣው ሕግ ኮፔርቶ እንዳይጠየቅ ከልክሏል፤ ዳቦው ራሱ ግን በዋጋ ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ በሮማ ሒሳብ ላይ «ፓኔ» ማለትም ዳቦ የሚል ቃል ይገኛል። ዳቦ የማይፈልግ ሰው ገና ሲቀርብለት «አልፈልግም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። በሌሎቹ የኢጣልያ ከተሞች ኮፔርቶ የተፈቀደ ነው፤ ይሁን እንጂ በምግቡ ዝርዝር ላይ ተጽፎ መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል ነውና ዓይን እስከ ታች ድረስ ይውረድ።

ደግሞ የሚያስገርመው፣ በማዕድ ላይ በዋጋ የሚሸጠው ውሃ በመንገድ ዳር በነጻ መፍሰሱ ነው። በሮማ ጎዳናዎች ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ የብረት ቦኖዎች አሉ፤ ቁጥራቸው ወደ 2,500 ይጠጋል። የከተማው ሰዎች ከቧንቧው ቅርጽ የተነሣ «ትልልቅ አፍንጮች» ይሏቸዋል። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም በጠርሙስ እየቀዳ ይሄዳል። እኛም ከዚያች ቀን በኋላ የመንገዱን ውሃ ከዚያ ቀዳን።

በዚያው አገር ሁለት ነገሮች ደግሞ ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው፣ ቡና ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ዋጋቸው አንድ አለመሆኑ ነው። ከባንኮኒው ዘንድ ቆሞ የሚጠጣው በርካሽ ይጠጣል፤ ወንበር ስቦ የተቀመጠው ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊከፍል ይችላል። በቬኒስ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ባሉት ዝነኞች ቡና ቤቶችማ፣ ሙዚቀኞቹ በሚጫወቱበት ሰዓት ለሙዚቃው ብቻ በሰው የሚታሰብ ዋጋ አለ። ሁለተኛው፣ የዓሣ ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በ100 ግራም ነው። 7 ዩሮ የሚል አይቶ ያዘዘ ሰው፣ ዓሣው 600 ግራም ቢመዝን 42 ዩሮ ይከፍላል። ስለዚህ ዓሣው ወደ እሳት ሳይሄድ ክብደቱን መጠየቅ ብልህነት ነው።

ከዚያ ወደ ሊዝበን በተሻገርን ጊዜ የባሰ የሚያባብል ማዕድ አገኘን። ሳይታዘዝ ዳቦ፣ የወይራ ፍሬ፣ ቅቤና አይብ በትንንሽ ሳሕን እየሆነ ይደረደራል። ለእንደ እኛ ያለ ሰው ይህ የእንግዳ መቀበያ ይመስላል፤ ነገር ግን «ኩቬር» የሚባል የሚሸጥ ምግብ ነው። የአገሩ ሕግ ተመጋቢው ያላዘዘውን ወይም ያልነካውን ነገር እንዳያስከፍሉት ይከለክላል። የተነካው ግን እንደ ታዘዘ ሊቈጠር ይችላል። ስለዚህ የማይፈልገው ሰው እጁን ሰብስቦ «ይነሣልኝ» ቢል መብቱ ነው፤ የሚቀየመውም የለም።

በፓሪስ ነገሩ ቀለል ይላል። በፈረንሳይ የአስተናጋጁ አገልግሎት በተጻፈው ዋጋ ውስጥ አስቀድሞ የገባ ነው፤ ዳቦውና ከቧንቧ የተቀዳ የማሰሮ ውሃም ከምግብ ጋር ያለ ዋጋ ይሰጣል። ብቻ «ውሃ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ጠርሙስ ሊመጣለት ስለሚችል «የማሰሮ ውሃ» ብሎ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። በሎንዶን ደግሞ ብዙ ምግብ ቤቶች በሒሳቡ ላይ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ዋጋ ይጨምራሉ። ከጎኑ «በፈቃድ» የሚል ቃል ከተጻፈ፣ አገልግሎቱ ያላስደሰተው ሰው «ይነሣልኝ» ሊል ይችላል። ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው የአገሩ ሕግ፣ እንዲህ ያለው ገንዘብ ሳይቀነስ ለሠራተኞቹ እንዲደርስ ያዝዛል።

ይህ ለሠራተኛ መድረስ አለመድረሱ የነገሩ ሁሉ ሥር መሆኑን የተረዳነው በዋሽንግተን ነው።

በዚያች ከተማ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ክርስትና ተነሥቶ፣ ዐሥራ ሁለት ሆነን ወደ አንድ የአገራችን ምግብ ቤት ሄድን። ከመካከላችን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከጎንደር የመጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። የበላነው 300 ዶላር ሲሆን፣ የቀረበው ሒሳብ 390 ዶላር ሆነ። አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው በመነጽራቸው ተመለከቱና አስተናጋጇን ጠሩ።

«ልጄ፣ በዝርዝሩ ያየነው ሌላ፣ የጻፍሽልን ሌላ። ይህ 30 የምን ነው? ይህስ 60?» አሏት።

እርስዋም ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ 30ው የመንግሥት ግብር ነው። በዚህ አገር ግብሩ በዝርዝሩ ዋጋ ውስጥ አይጻፍም፤ በኋላ ይጨመራል። 60ው የአገልግሎት ነው፤ ተመጋቢው ከስድስት ሰው ሲበልጥ ቤቱ 20 በመቶ አስቀድሞ ይይዛል» አለች።

«አንቺ ደመወዝ የለሽም እንዴ?»

«አለኝ አባባ፤ ግን ሙሉ አይደለም። የምኖረው እንግዳ በሚሰጠኝ ነው።»

በዚህ ጊዜ የሕፃኑ አባት ብዕር አንሥቶ፣ «ጉርሻ» በሚለው ባዶ መስመር ላይ ሌላ 60 ሊጽፍ ሲል፣ ልጅቱ ፈጥና፣ «ጋሼ፣ እዚያ ላይ አይጻፉ፤ ገብቷል። በዚህ ቤት ለእኛ ይሰጠናል» ብላ ከለከለችው። አዛውንቱም ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «በአገራችን ጉርሻ በእጅ ነበር፤ እዚህ በወረቀት ሆነ። ይሁን፤ የጎረስሽው ይባረክልሽ» ብለው መረቋት። ዝም ብትል ኖሮ 60 ዶላር ሁለት ጊዜ በተከፈለ ነበር፤ እርስዋ ግን የማይገባትን አልወሰደችም።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በአሜሪካ የመላው አገር ሕግ፣ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት ሊከፍል የሚገባው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1991 ጀምሮ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ለሌላው ሠራተኛ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ልዩነቱን የሚሞላው የተመጋቢው ጉርሻ ነው፤ ጉርሻው ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዝዛል። ከዚህ ከፍ ያለ የወሰኑ ግዛቶችና ከተሞች አሉ። በዋሽንግተን በ2022 ሕዝቡ ይህ ልዩነት ደረጃ በደረጃ እንዲቀር በድምፁ ወሰነ፤ ብዙ ምግብ ቤቶችም ወጪያቸውን ለመሸፈን በሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ጨመሩ፤ በ2025 ግን የከተማው ምክር ቤት ውሳኔውን አሻሻለው። በከተማዋ የምግብ ቤት ምግብ ግብር 10 በመቶ ነው፤ የተለመደውም ጉርሻ ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው። እንግዲህ በአሜሪካ በዝርዝር ላይ 20 ዶላር የሚል ያየ ሰው፣ በልቡ 26 ብሎ ቢያነበው አይሳሳትም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚያ አገር ሕግ ተመጋቢው በፈቃዱ የሰጠው ጉርሻ የሠራተኛው ነው፤ ቤቱ በግዴታ የጨመረው የአገልግሎት ክፍያ ግን የቤቱ ገቢ ነው፤ ለሠራተኛው የሚደርሰው ቤቱ ሲያካፍለው ነው። ስለዚህ አስተናጋጇን በትሕትና «ይህ ለእናንተ ይደርሳልን?» ብሎ መጠየቅ ከንፉግነት የሚቈጠር አይደለም፤ ለደካሚው ማሰብ ነው።

ተጠቅልሎ ወደ ቤት የሚወሰደውም ምግብ የራሱ ጭማሪ አለው። በዋሽንግተን ምግብ የሚሸጡ መደብሮች ከ2010 ጀምሮ ለመያዣው ከረጢት 5 ሳንቲም ያስከፍላሉ፤ ገንዘቡም የአናኮስቲያን ወንዝ ለማጽዳት ይውላል። በጀርመን የቱቢንገን ከተማ ከ2022 ጀምሮ አንድ ጊዜ ተጠቅሞ ለሚጣል የቡና ኩባያ ወይም የምግብ ዕቃ 50 ሳንቲም ግብር ጥላለች፤ ምግብ ሻጮች ቢከራከሩም የአገሩ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2025 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ግብሩን አጽንቶታል። በዚያው በጀርመን ለውሃ ጠርሙስ የሚያዝ 25 ሳንቲም ግን መያዣ ነው፤ ባዶውን ጠርሙስ ወደ መደብር የመለሰ ሰው ገንዘቡን መልሶ ይቀበላል። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ ምግብ ከሁሉ ይከብዳል፤ የማድረሻ፣ የአገልግሎት፣ ትእዛዙ ትንሽ ከሆነ ደግሞ የትንሽ ትእዛዝ ክፍያ ይደራረብበታል፤ የምግቡም ዋጋ ራሱ ከቤቱ ዝርዝር የበለጠ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እግር ላለው ሰው ሄዶ መቀበል ይሻለዋል።

ለጿሚው ደግሞ የተለየ ነገር አለ። በጾም ወራት ማኪያቶውን በአጃ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ያዘዘ ሰው በብዙ ቡና ቤቶች ጭማሪ ይጠየቃል። ስታርባክስ የሚባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ በብሪታንያ በ2022፣ በአሜሪካ ደግሞ በኅዳር 2024 ይህን ጭማሪ አንሥቷል፤ ሌሎች ብዙዎች ግን አላነሡም።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ተንኰል ብቻ እንዳይመስለን። በአዲስ አበባም በትላልቆቹ ሆቴሎች 10 በመቶ ለአገልግሎት፣ በድምሩም ላይ 15 በመቶ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ሲጨመር፣ የ100 ብር ምግብ 126 ብር ከ50 ይሆናል። ልዩነቱ ቋንቋውን ማወቃችን ብቻ ነው።

ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባቢዎች፣ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ሁሉ ከመቀመጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዳቦውና ውሃው በዋጋ ነውን? ግብሩ በተጻፈው ዋጋ ውስጥ ገብቷልን? የአገልግሎቱስ ተጨምሯልን? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደ ተባለው፣ ጥያቄው የሚጠቅመው ምግቡ ሳይመጣ ነው። በዚያ የምትኖሩ ልጆችም፣ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ሥርዓቱን በመንገድ ላይ አስረዷቸው፤ በሰው ፊት ደንግጠው እንዳያፍሩ፣ ደክማ ያገለገለችውንም ልጅ ሳያውቁ እንዳይበድሉ። ዋጋን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሆነው የሠራተኛን ድርሻ አስቀርቶ መሄድ ነው።