አያቴ ላቲን ሲያወሩ

እንዲህ ሆነላችሁ። አያቴ ያረፉት አምና ነው። ዋሽንግተን ያለችው አክስቴ ለቀብሩ አልደረሰችም። ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ደወለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሽ የለም እንዴ? አባባ የጻፉትን ላኪልኝ።»

አባባ የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውን ነው። ሁለት ደብተር በእጃቸው ሞልተው በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ሰፈር ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስጻፉት፤ 43 ገጽ ወጣው። ፋይሉ በአባቴ አሮጌ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ከፈትኩት፣ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በኢሜይል ላክሁት፤ ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ።

ሌሊት ስልክ ጮኸ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የላክሽልኝ? እንግሊዝኛ እንዳልለው እንግሊዝኛ አይደለም!»

«እትዬ፣ ኮምፒውተርሽ አማርኛ ያነባል?»

«የአገር ቤት ዜና በምን የማነብ መሰለሽ?»

ልክ ነበረች። የእሷ ማክ ነው፤ አማርኛ ድረ ገጽ ያለ ምንም ችግር ያሳያታል። የአያቴን 43 ገጽ ግን የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክትና የጥያቄ ምልክት አድርጎ ደርድሮላታል።

ማክንም ዊንዶውስንም ልራገም አሰብኩና ነገሩን ስመረምረው ጥፋቱ የሁለቱም አልሆነም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ያኔ አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ የእኛ ፊደል ከአኃዙና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር ከ300 በላይ ነው። እና የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ ምን አደረጉ? የላቲኑን ቁጥሮች ወስደው የአማርኛ ጭምብል አጠለቁላቸው። እያንዳንዱ ሠሪ በየራሱ አደራደር! አንዱ ፎንት አልበቃ ሲል የተረፉትን ፊደላት ሁለተኛ ፎንት ውስጥ አስገቡ። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው አማርኛ አይደለም። የአባቴ ኮምፒውተር ጭምብሉ አለው፣ የአክስቴ የለውም፤ አለቀ።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ፣ ማክ ከፋ የሚባል አለው፣ ሊኑክስ የሚጠቀሙት አቢሲኒካን ይጭናሉ። ግን የጽሕፈት ቤት ጸሐፊዎች ጣት አንዴ የለመደውን የፊደል ሰሌዳ በአንድ ቀን ይተዋል? አሮጌው ፎንት ማተሚያ ቤት ድረስ የሚሠራላቸው ከሆነ ለምን ብለው ይቀይሩ! (እኔም ብሆን አልቀይርም።)

ፎንቱን ልላክላት አልኩ። ለእሷ ቢሠራ ለልጆቿስ? በስልክ ለሚያነቡትስ? ስለዚህ ፒዲኤፍ አድርጌ ላክሁላት። ፒዲኤፍ ፎንቱን አዝሎ ስለሚሄድ ተነበበላት፤ ደስ አላት። በማግስቱ ደግሞ ደወለች።

«የእማዬን ስም ጽፌ ብፈልግ አንድም ቦታ የለም ይለኛል። አባባ አላነሷትም?»

ይሄኛው አስደነገጠኝ። አክስቴ እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አያቴ ደግሞ ስለ ሚስታቸው በአፋቸው አያወሩም፤ የተናገሩት እዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። አንስተዋታል፣ ያውም ደጋግመው። ማሽኑ ግን ከጭምብሉ ሥር ያለውን ላቲን እየፈለገ ምኑን ያግኛት!

ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ከመቀየር ሌላ መንገድ አልነበረም። መቀየሪያ ፕሮግራም አገኘሁ፤ አንድ ጠቅ፣ 43ቱም ገጽ እውነተኛ አማርኛ ሆነ። ጮቤ ረገጥኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ። አያቴ በእንግሊዝኛ ያስጻፉት የምስክር ወረቀታቸው ስም ትርጉም የሌለው የአማርኛ ሰላጣ ሆኗል። ይሄስ ያስቃል። የማያስቀው፣ የሴት አያቴ ስም የሚጀምርባት ፊደል ከእነዚያ ሁለተኛው ፎንት ውስጥ ከተጣሉት አንዷ ነበረች። መቀየሪያው ሁሉንም እንደ አንደኛው ፎንት ስለቆጠረው በእሷ ቦታ ሌላ ፊደል ተክቷል። አያቴ 43 ገጽ ሙሉ የማላውቃትን ሴት ሲያሞግሱ አገኘኋቸው።

በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም እንዳልተካ፣ ያቺ የተሳሳተች ፊደል በትክክል የገባችበት ሌላ ቃል ሞልቷል። የአባቴን ኮምፒውተር ጎኔ ከፍቼ መስመር በመስመር አስተያየሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀ። በአራተኛው ቀን ላክሁት፤ የእሷ ማክ ፎንቱን በራሱ ስለቀየረው 43ቱ ገጽ 47 ሆኖ ተከፈተላት፤ ግን ተነበበ፣ ስትፈልገውም ተገኘ።

በማግስቱ ስትደውል ድምጿ ተዘግቷል።

«አገኘኋት» አለችኝ። «ቡና ስታፈላ የምትቀመጥባት በርጩማ እንኳ አለች።»

ዝም አልን።

«ግን ስሟን ለምን በ‹ጎ› ጻፍሽው?»

«እና በምን ልጻፈው?»

«አባባ በ‹ጐ› ነው የሚጽፉት፤ ለደብዳቤም ለምንም። ‹ጎ› ሲጻፍባቸው ይቆጡ ነበር።»

ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ሄጄ አየሁ። እውነቷን ነው፣ ሁሉም ቦታ ‹ጐ›። እኔ ጣቴ እንደለመደው ነበር ያረምኩት። አሁን አንደኛው ገጽ ላይ ነኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።